«አልገባኝም» የማይባልበት ቤት

አዲስ ጨርቅ የራሱ ሽታ አለው። ገና ውሃ ያልነካው፣ የልብስ ሰፊው ካውያ ብቻ ያለፈበት ቴትሮን ሲዘረጋ የሚወጣውን የጋለ ብረት ሽታ አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። ባለፈው ወር ምራቴ ሰላም ከባንክ ሥራዋ ስትመለስ አንድ ትልቅ ፌስታል ይዛ ገባችና ሶፋው ላይ ዘረገፈችው። ጥቁር ሰማያዊ ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ደረቱ ላይ ዓርማ የተሰፋበት ሹራብ። የልጅ ልጄ ሶስና ዘጠነኛ ክፍል ልትገባበት የምትመኘው ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ነው። «የእምነት እርምጃ ነው እማማ፤ ተቀብለነዋል» አለችኝ ሸሚዙን ትከሻዋ ላይ እየለካች። ልጅቷ የመግቢያ ፈተናውን ገና አልተፈተነችም። ፈተናው ደግሞ ሌላው ሌላው ይቅርና ብዙ ልጅ የሚያስቀረው በሒሳቡ ነው፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።  ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ተነሥቼ መስኮት ከፈትኩ። ልጆቼ እርጅና ይመስላቸዋል። ንዴት ነው። ስንት ዘመን አጣጥፌ ከሣጥን ሥር ያኖርኩት ንዴት።

አገሬ ወላይታ ነው። ከሶዶ ወደ ቆላው ሲወረድ ካለች መንደር ወጥቼ መካኒሳ ከገባሁ አንድ ሙሉ ዕድሜ አልፏል፤ ዛሬም ግን አገርሽ የት ነው ሲሉኝ አዲስ አበባ ብዬ መልሼ አላውቅም። ያመጣችኝ የአባቴ እህት አስካለች ናት፤ ልጅ አልነበራትም፣ ስምንተኛ ክፍልን ደህና አድርጌ ስላለፍኩ «ይህችን ልጅ ከተማ ወስጄ ሰው አደርጋታለሁ» ብላ ነው። መካኒሳ ያኔ ከተማም ገጠርም ነበረች። ከአቦ ወዲያ ሲሻገሩ ማሳ ነው፤ ከላፍቶ በኩል የሚመጡት ገበሬዎች በጠዋት ወተት በጣሳ ይዘው በየበሩ በኦሮምኛ «አናን! አናን!» ይላሉ። አሁን በዚያ ማሳ ላይ ባለ ብዙ ፎቅ ቆሞ፣ የዚያ ወተት ሻጭ የልጅ ልጅ ሥሩ ብሎኬት ይሸጣል፤ ሲያየኝ «እማማ ማርታ» ብሎ ይነሣልኛል፣ ተባረክ እለዋለሁ። ነፋሱ ከወንዙ በኩል ሲመጣ የአረቄ ፋብሪካው የሞላሰስ ሽታ ሰፈሩን ይሞላዋል። አክስቴ ጠጅ እንኳ በአፏ የማትጠራ ሴት ነበረችና በዚያን ሰዓት መስኮት ዘግታ «በኢየሱስ ስም» ትላለች፤ ሽታው ግን አይሰማትም፣ ይገባል። ዳቦ በዐሥር ሳንቲም፣ እርሳስ በዐሥር ሳንቲም፣ ደብተር በስሙኒ። ወንዶቹ ጠጉራቸውን እንደ ጥቅል ጎመን አሳድገው፣ ከታች የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ነፋስ ስልክ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ይደረደራሉ፤ እኛ ሴቶቹ ሸራ ጫማና አበባ የታተመበት ጉርድ። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ የሰልፍ መዝሙር ይጮኻል። የኛን መዝሙር እኛ በሹክሹክታ እንዘምር ነበር።

ጸሎት ቤታችን በሩ የታሸገበት ጊዜ ነው። ማን እንዳሸገው፣ ለምን እንዳሸገው የሚጽፉ አሉ፣ እነሱ ይጻፉት። እኔ የማስታውሰው ሴቶቹ አክስቴ ቤት ሲሰበሰቡ ሁሉም ዳንቴል ይዘው ይመጡ እንደነበር ነው። ክሩ ጭን ላይ፣ ኪሮሹ እጅ ላይ፤ በር ከተንኳኳ የሰፈር ሴቶች ጥልፍ ሊማማሩ የተቀመጡ ናቸው። ጸሎቱ ሲረዝም ዳንቴሉም ይረዝማል። አክስቴ ቤት ያልለበሰ ዕቃ አልነበረም፤ ቴርሙሱ ሳይቀር ቀሚስ ነበረው። ሲጨበጨብ በሁለት ጣት ነው። ያንን ጊዜ አልረግመውም፤ ጌታን ያወቅሁት እዚያ ነው። እናደድ የነበረው በሩን ባሸጉት ላይ ብቻ ቢሆን ንዴቴ ቀላል በሆነ፤ ከዓመታት በኋላ በሩ ሲከፈት አብሮ ይወጣ ነበር። የኔ ንዴት ግን ከውስጥ ነው፣ ዳንቴል ከሚሠሩት እጆች መሃል።

አክስቴ ቤት የማይነገሩ ቃላት ነበሩ። ስድብማ ከመጀመሪያውም የለም። «አልችልም» አይባልም። «ከበደኝ» አይባልም። «አልገባኝም» አይባልም። ምላስ ኃይል አላትና የተናገርሽው ይሆናል ትላለች። ራሴን አመመኝ ካልኩ «ጤነኛ ነኝ በይ» እባላለሁ። ክረምት ቆርቆሮው ሲያፈስ ሳፋውን አምጥታ ከሥር እየደቀነች «ቤታችን አያፈስም፣ የተባረከ ነው» ትል ነበር። አሜን እላለሁ፤ ሳፋው ሲሞላ አወጣና እደፋለሁ። እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። ሳቁ ያበቃው የጤና ረዳቶች ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና እንዳለ ተነግሮ፣ ለኔም መመዝገብ ሲፈቀድልኝ ነው። በሕይወቴ ያን ያህል የተመኘሁት ነገር የለም። አገሬ መርፌ የሚወጋ ሰው ለማግኘት በሽተኛ በቃሬዛ ግማሽ ቀን ይኳትናል፤ እናቴን እንዲያ ተሸክመው ሲወስዷት አይቻለሁ። ስለዚህ ነጭ መልበስ ለኔ ጌጥ አልነበረም።

ቋንቋው አላስፈራኝም። ሒሳቡ ነው። ከጸሎት ወገኖቻችን መሃል አንድ መምህር ነበር፤ ጴጥሮስ ይባላል፣ ሁላችንም ጋሽ ጴጥሮስ እንለዋለን፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ የሹራቡ ክርን ሁልጊዜ የተጣፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣ ያለ ምንም ክፍያ ያስጠናኝ ጀመር። በመቶኛው ገባኝ፣ አስርዮሹ ገባኝ፣ ክፍልፋይ መደመርም እንደምንም። ክፍልፋይን በክፍልፋይ ማካፈል ላይ ስንደርስ ቆምኩ። «ሁለተኛውን ገልብጪና አባዢ» አለኝ። ለምን ይገለበጣል? ለምን ሁለተኛው? ማካፈል ብለን ጀምረን ለምን እናባዛለን? «ገባሽ?» አለ። ከመጋረጃው ወዲያ አክስቴ ዳንቴል ትሠራለች፤ ኪሮሹ ቆመ። መልሴን እየጠበቀች እንደሆነ አወቅሁ። «ገባኝ» አልኩ። ኪሮሹ ቀጠለ። ጋሽ ጴጥሮስ አየኝ፣ መጋረጃውን አየ፣ «እስቲ እንደገና ልንገርሽ» አለ። «አይ፣ ገብቶኛል።» እስቲ አስቡት፤ ሒሳብ ማለት ከ«አልገባኝም» የሚጀምር ትምህርት ነው። ያቺን ቃል ከልጅ አፍ ነጥቆ ሒሳብ ተማሪ ማለት እግር አስሮ ሩጪ ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን እህት አስቴር በጸሎት መሃል ዓይኗን ጨፍና እጇን ራሴ ላይ ጫነች። «ነጭ ለብሳ አየኋት» አለች። «በረጅም ኮሪደር ስትሄድ አየኋት። ያለፈ ነገር ነው፣ የተፈጸመ ነገር ነው።» ሴቶቹ በሁለት ጣት አጨበጨቡ። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ አለቀስኩ። በሳምንቱ አክስቴ መርካቶ ወርዳ ነጭ ፖፕሊን ገዛች፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰደችኝ፣ ለካኝ፤ ኮሌታ ያለው፣ ፊት ለፊት ቁልፍ ያለው፣ የነርስ ልብስ። ከካውያው እንደ ጋለ ተቀበልኩት፣ ሸተተኝ። ቅዳሜ ጋሽ ጴጥሮስ እንደ ልማዱ ሲመጣ አክስቴ ደጃፉ ላይ ጠበቀችው።

«ወንድም ጴጥሮስ፣ ጌታ ድካምህን ይቁጠርልህ። ከእንግዲህ ይበቃል። ጌታ ተናግሯል።»

«እትዬ አስካለች፣ ማካፈሉ ገና አልያዛትም እኮ።»

«ጌታ የሚያስገባት በማካፈል ነው?»

እሱ ጫማውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ «በቃና ሰርግ ወይኑን የሠራው ጌታ ነው» አለ፤ «ጋኖቹን ውሃ የሞሉት ግን ሰዎች ናቸው። እኔ ውሃ ቀጂ ነኝ፤ ልቅዳ።»

አክስቴ «ይኼ አለማመን ነው» አለችው፣ በደግ ድምፅ፣ እንደ መረቀችው አድርጋ። በሩን ስትዘጋ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ከዚያ በኋላ ደብተሬን ከገለጥኩ ጥርጣሬ ሆነ። መጽሐፉ ከአልጋዋ ሥር ገባ።

በፈተናው ቀን ጦም ነው አለች፣ ምንም ሳልቀምስ ወጣሁ። ነጩን ልብስ ያስለበሰችኝም እሷ ናት፤ ተቀብዬዋለሁና ለብሼው እሄዳለሁ። በአውቶቡስ፣ በነጭ የነርስ ልብስ፣ በሸራ ጫማ። የፈተናው ግቢ ስደርስ ሁሉም ዞሮ አየኝ። አንዲት ረጅም ልጅ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች፣ «ሲስተር፣ እኛን መቼ ነው የምትወጊን?» አለችኝ፣ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ጥያቄው ዛሬም ከነ አቀማመጡ ዓይኔ ላይ አለ። ስድስት ሊትር መድኃኒት አለ። እያንዳንዱ ጠርሙስ ሦስት አራተኛ ሊትር ይይዛል። ስንት ጠርሙስ ይሞላል? ገልብጪና አባዢ፣ አልኩ ለራሴ። የቱን? የትኛው እንደሚገለበጥ ተምታታብኝ፤ ለምን እንደሚገለበጥ ቢገባኝ ኖሮ አይምታታብኝም ነበር። ስድስቱን ገለበጥኩት። መልሱ አንድ ስምንተኛ ሆኖ ወጣ። አንድ ስምንተኛ ጠርሙስ። ከስድስት ሊትር መድኃኒት አንዲት ጠርሙስ እንኳ አልሞላልኝም። ያን ጽፌ ወረቀቱን ገለበጥኩ፤ በዚያው የሚገለበጠውን ሁሉ እየገለበጥኩ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ትክክለኛው ስምንት ነበር። ይህን ያወቅሁት ልጄ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ዳቦ በቢላ እየቆረስኩ አብሬው ስማር ነው። ሩብ ሩብ እያልሽ ሦስት ሩብ ስታነሺ ስንት ጊዜ ታነሺያለሽ፣ ይኼው ነው ነገሩ። ዳቦ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ዳቦና «አልገባኝም»።

ስሜ ከተለጠፈው ውስጥ አልነበረም። ወደ ቤት የመለሰኝ እግሬ ነው። ለካ የባሰው ቤት ይጠብቀኛል። በሚቀጥለው ጸሎት እህት አስቴር «ጌታ አይዋሽም፤ እንግዲህ የተጠራጠረ ሰው አለ» አለች።  አክስቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ደብተር ይዛ አግኝቻታለሁ» አለች። በቃ። መሃል ላይ አንበርክከው ስለ አለማመኔ ጸለዩልኝ፤ እጃቸው ከራሴ ላይ ከበደኝ። ጋሽ ጴጥሮስ ቢኖር ምናልባት አንድ ቃል ይናገር ነበር፤ ግን በዚያው ሰሞን ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል ተባለ። ተዛወረ ነው የተባለው፤ ያኔ የታሰረውም ሁሉ «ተዛወረ» ነበር የሚባለው። ነጩን ልብስ አክስቴ በጥቁር ሰማያዊ ቀለም ዘፈዘፈችው፤ ለብሼው ክር ፋብሪካ ገባሁ፣ እዚያው ጡረታ ወጣሁ። ክር መሥራት ነውር የለውም፣ ልጅ አሳድጌበታለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሥራው አይደለም። እኔ የወደቅሁት እምነት አጥቼ አልነበረም። ማካፈል ስለማላውቅ ነው። ይህንን ግን የሚል ሰው ስላልነበረ ለብዙ ዓመት በጌታ ፊት እንደ ከሃዲ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። የሰው ልጅ ስንፍናውን በእግዚአብሔር ስም ሲሸፍን፣ ሲጋለጥ ደግሞ በልጅ ላይ ሲደፋ፣ ይህን ይቅር በይ ስባል ይቅር ብያለሁ፤ አክስቴን ቀብሬአታለሁ፣ አልቅሼላታለሁ። ንዴቱ ግን አልተቀበረም።

እንግዲህ ያ ሁሉ አልፎ በገዛ ልጄ ቤት፣ እዚሁ መካኒሳ፣ የደንብ ልብስ ሶፋ ላይ ተዘረጋ። ልጄ በሥራ ምክንያት ክፍለ ሀገር ነው የሚከርመው፤ ቤቱን የምትመራው ሰላም ናት፣ ደግ ሴት ናት፣ ታታሪ ናት፣ ልጇን ትወዳለች። ሐሙስ ሐሙስ ቤታችን ጸሎት አለ። አሁን ዳንቴል የለም፣ በሩም አይዘጋም፤ በድምፅ ማጉያ ነው፣ ጎረቤት ይወቅ ተብሎ። አንድ ጠባብ ሱሪና ሹል ጫማ የሚያደርግ ወጣት አገልጋይ ይመጣል። እሱ ነው ሶስናን ዓይኑን ጨፍኖ «በሩ ተከፍቷል» ያላት። በማግስቱ ሰላም አስጠኚዋን፣ ከጎፋ በታክሲ የምትመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አመሰግናለሁ በቅቶናል ብላ አሰናበተቻት።

አንድ ቀን ከሰዓት ሶስና ልብስ ስታሰጣ ጠጋ አልኩና ሒሳቡ እንዴት ነው አልኳት።

«ተባርኳል እምዬ።»

«ስለ በረከቱ አልጠየቅሁሽም።»

ወደ በሩ አየች። እናቷ ገና ከሥራ አልመጣችም፣ ግን አየች። «እማዬ እንዲያ አትበዪ ብላኛለች።»

«ምን አትበዪ?»

ድምፅ አላወጣችም። በከንፈሯ ብቻ ነው ያለችው፣ «አልገባኝም»። እኔ የልብስ መቆንጠጫውን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። 

ያን ሐሙስ ወጣቱ አገልጋይ፣ ጌታ ሶስናን ስላስገባልን በቅድሚያ የሚያመሰግን ሰው አለ ወይ ሲል እኔ ተነሣሁ። ደስ አላቸው፤ አሮጊት ስትመሰክር ደስ ይላል። ነጩን ልብስ ነገርኳቸው። ጠርሙሱን ነገርኳቸው። በመሃል ያንበረከኩኝን ነገርኳቸው። «ጌታ ይናገራል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሲናገር ሰምቻለሁ» አልኩ፤ «ግን ለልጅ መጽሐፏን ዝጊ ብሎ ሲናገር አልሰማሁም።»  ወጣቱ ፈገግ ብሎ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ፤ የጥርጣሬ መንፈስ ዕድሜ አይመርጥም አለ።

«ልጄ» አልኩት፣ «እኔ ጌታን አልጠረጠርኩም። የጠረጠርኩት አንተን ነው።»

እንግዶቹ ሻዩን ሳይጨርሱ ወጡ። ሰላም ብርጭቆውን እያጋጨች አጠበች፤ ጀርባዋ ይናገራል። ቆይታ ዞረች፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«እማማ፣ በሰው ፊት አዋረዱኝ።»

«አዋርጄሻለሁ» አልኳት። «ሶስና፣ ነይ። ያን ቀን በከንፈርሽ ያልሺኝን ለእናትሽ በድምፅ በይላት።»

ልጅቷ በመሃላችን ቆመች። ጣቷን ታሻለች። «አልገባኝም» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ እንደ ተገደበ ውሃ ሄደ። «ጥምርታ አልገባኝም። የሴቶችና የወንዶች ጥምርታ ሦስት ለሁለት ነው፣ ሴቶቹ በስምንት ይበልጣሉ ይላል፣ ስምንቱን ምን እንደማደርገው አላውቅም። ኢኩዌሽንም አልገባኝም። ከበፊት ጀምሮ አልገባኝም።»

ሰላም እጇ እርጥብ እንደሆነ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አትበዪ ስላልሽኝ።»

 ሰላም ስልኳን አነሣች፣ ወደ በረንዳው ወጣች። አስጠኚዋን ይቅርታ ስትጠይቅ ሰማኋት፤ ከነገ ጀምሮ መምጣት ትችይ እንደሆነ፣ ቀኑ ትንሽ ነው፣ የታክሲውን እኔ እችላለሁ። አስጠኚዋ መጣች፣ በየቀኑ መጣች። ከክፍሉ ውስጥ «ቆይ፣ አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» የሚል ድምፅ በመጣ ቁጥር ሰላም ፊቷን መርፌ እንደ ወጋት ሰው ታኮማትረው ነበር፤ ግን አላስቆመቻትም። እኔንም ለብዙ ቀን ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም። ይገባኛል። እኔም ገና አልበረደልኝም።

ያለፈው የጠፋ ጊዜ አይመለስም፤ አስጠኚዋ ራሷ ሁሉንም አልሸፈንነውም ብላለች። ሶስና ልታልፍም ልትወድቅም ትችላለች። ለሰላም የነገርኳት አንድ ነገር ነው፤ ይህች ልጅ ከወደቀች ባላወቀችው ሒሳብ ነው የምትወድቀው፣ ማንም መሃል ላይ አያንበረክካትም፣ እኔ በሕይወት ሳለሁ አይሆንም።

የፈተናው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሶስናን ቁርሷን በደንብ አበላኋት። ታክሲ ለመያዝ ስትነሣ ሰላም «እማማ፣ ይጸልዩላት» አለችኝ፣ ሳታየኝ። እጄን የልጅቷ ራስ ላይ አላደረግሁም፤ እጇን ያዝኩ።

«ጌታ ሆይ፣ ያጠናችውን አስታውሳት። ያላጠናችውን አንጠይቅህም።»

ሶስና ቶሎ ብላ አሜን አለች፣ መሄድ ፈልጋለች። ሰላም ዝም አለች። ከአጥሩ ውጪ የታክሲ ረዳቱ ሳር ቤት፣ ሳር ቤት እያለ ይጣራል። እኔ ዓይኔን አልገለጥኩም፣ ጠበቅኋት።

«አሜን» አለች ሰላም።